የዘር ብድር

«ወልዶ ለመሳም፣ ዘርቶ ለመቃም ያብቃሽ» ተብላ ያልተመረቀች ያገሬ ሴት ትኖራለች ብዬ አላምንም። በሠርግ ይመረቃል፤ በክርስትና ይመረቃል፤ በረካው ተጠጥቶ ሲኒ ሲነሳም ይመረቃል። መራቂዎቹ ክፋት የለባቸውም። ተመራቂዋ አርባን የተሻገረች እንደሆነ ግን «አሜን» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ይሰነቀራል። ገበሬው መቼም ወቅት ያውቃል፤ ለማሽላ የረፈደበት እንደሆነ ጤፍ ይዘራል፤ ጤፉም ካመለጠው ሽምብራ አለለት። የሴት ልጅ ወቅት ሲነሳ ግን የሚሰማው ወይ «እሱ ያውቃል» ነው፤ አለዚያም በር ተዘግቶ «መካን ናት» የሚል ሹክሹክታ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ፣ ማለትም ምን እንደሚቻል፣ ምን እንደማይቻል፣ ምንስ እንደሚያስከፍል፣ ባዶውን ተኝቷል።

እኔን ወደዚህ ሜዳ ያስገባችኝ እኅቴ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ እንድጽፍ የፈቀደችልኝም በዚሁ ውል ነው። «እትዬ» ልበላት፤ የምጠራትም እንደዚያ ነውና። በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች፤ ዘንድሮ አርባ ሦስት ዓመት ሞላት። በ1998 ዓ.ም. ወደ ቤይሩት ስትሄድ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። የእማዬን ቤት ቆርቆሮ ያስቀየረው፣ ወንድማችንን መንጃ ፈቃድ ያወጣው፣ እኔንም የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ያስያዘኝ እሷ የሰው ቤት ወለል ወልውላ የላከችው ብር ነው። የተመለሰችው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ አጥቶ፣ አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ያለ ደመወዝ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እያራገፉ ከሄዱና በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ወደቡ ከፈነዳ በኋላ። በ2015 ዓ.ም. አንድ ቁጥብ የመጋዘን ሠራተኛ አገባች። ልጅ የተመኙት ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ ነው።

የባልየውን ጉዳይ ላስቀድም፤ ያገራችን ልማድ ሲያስቀድመው አላየሁምና። ልጅ ከዘገየ ጸበል የምትነከረውም፣ ሐኪም ቤት የምትመላለሰውም፣ በአማት በነገር የምትወጋውም ሴቲቱ ናት። ዳሩ ግን ልጅ ካጡ ጥንዶች መካከል በግማሾቹ ገደማ ችግሩ ወይ በወንዱ ወይ በሁለቱም በኩል ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ ከስድስት ሰው አንዱ በዕድሜው ውስጥ ይህን ችግር ይቀምሳል ብሏል፤ «ሰው» ነው ያለው፣ «ሴት» አላለም። የእትዬ ባል በመጀመሪያ አሻፈረኝ ብሎ ነበር። በኋላ ለማንም ሳይናገር ሄዶ ተመረመረና ጤነኛ ነህ ተባለ። ይህ እትዬን አስደሰታት ብላችሁ እንዳትገምቱ። ያን ዕለት ማታ ስልክ ደውላ «በቃ ሚጡ፣ ጎደሎዋ እኔ ነኝ ማለት ነው» አለችኝ።

መጀመሪያ የሄደችበት የግል ክሊኒክ የማኅፀን ቱቦዋ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ስንት እንቁላል ይቅራት ሳይመረምር፣ እንቁላል የሚያነቃቃ ኪኒን አዞ ስምንት ወር አመላለሳት። ኪኒኑን አልወቅስም። ክሎሚፊን ይባላል፤ እንቁላላቸው በየወሩ በሥርዓቱ ለማይወጣ ወጣት ሴቶች ብዙ ውለታ ውሏል። የእትዬ የወር አበባ ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ሰዓቱን የሚጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ሚስቶቹ ከ38 እስከ 42 ዓመት የሆኑ 154 ጥንዶችን በዕጣ ከፋፍሎ፣ ከፊሎቹን በኪኒን ወይም በመርፌ አስጀምሮ፣ የቀሩትን በቀጥታ ወደ አይቪኤፍ አስገብቷቸው ነበር። በቀጥታ የገቡት በአነስተኛ ሙከራ ቶሎ አረገዙ። ሐኪሞች የሚመክሩትም ይህንኑ ነው፤ ከሠላሳ አምስት በታች የሆነች አንድ ዓመት ትሞክር፣ ሠላሳ አምስትን ያለፈች ከስድስት ወር በኋላ ትመርመር፣ አርባን ያለፈች ግን አትጠብቅ። እንግዲህ ስምንቱን ወር ማን ይመልስላት?

ለመሆኑ በአርባ ዓመት የሚያልቀው ምንድን ነው? ብዙ ሰው እንቁላል እንደ ምንጭ ውኃ በየወሩ የሚፈልቅ ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው። ሴት ልጅ እንቁላሎቿን ሁሉ ይዛ ትወለዳለች፤ የሚሠሩትም ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች ነው። ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን ይሆናሉ። የወር አበባ ማየት ስትጀምር ከ300,000 እስከ 400,000 ይቀራሉ። ስታርጥ አንድ ሺህ ገደማ ቢቀሯት ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል በዕድሜዋ ወጥተው ዕድላቸውን የሚሞክሩት ከአራት መቶ እስከ አምስት መቶ ቢሆኑ ነው፤ ሌላው ድምፅ ሳያሰማ ይረግፋል። ኪኒን ብትውጥም ባትውጥም፣ ብታገባም ብትመነኩስም ይረግፋል።

ከቁጥሩ የሚብሰው ጥራቱ ነው። እያንዳንዷ እንቁላል ክሮሞዞሞቿን ለማካፈል ጀምራ፣ መንገድ ላይ ቆማ፣ ተራዋ እስኪደርስ ትጠብቃለች። የእትዬዋ አርባ ሦስት ዓመት ጠብቃለች ማለት ነው፤ ቤይሩትም አብራት ሄዳ መጥታለች። ክሮሞዞሞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ የያዘው ማሰሪያ ከዘመን ብዛት ይላላል። ክፍፍሉ ሲቀጥል በአንዱ ወገን ይበዛል፣ በሌላው ይጎድላል። በዚህ ዕድሜ ከሚፈጠሩት ፅንሶች ከአራቱ ሦስቱ ወይም ከዚያ የሚበልጡት የክሮሞዞም ቁጥራቸው የተዛባ ነው። አብዛኞቹ አይጣበቁም። የተጣበቁት ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጨናገፋሉ። ጥቂቶቹ ይወለዳሉ፤ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድል በሃያ አምስት ዓመት ከአንድ ሺህ በላይ ወሊዶች አንድ ሲሆን፣ በአርባ ዓመት ከመቶ አንድ ገደማ፣ በአርባ አምስት ከሠላሳ አንድ ገደማ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ ቁጥር የምደረድረው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። እትዬ በአርባ አንድ ዓመቷ አርግዛ በዘጠነኛው ሳምንት ጨነገፈባት። ውኃ ጠፍቶ በነበረበት ሰሞን ከጎረቤት ጄሪካን ተሸክማ ነበርና፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ራሷን በጄሪካኑ ስትከስ ኖረች። ባሏም ሳይናገር ይከስሳት ነበር መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ባልዲ እንኳ አያስነካትም። ስለ ክሮሞዞሞቹ ያነበብኩትን ቡና ላይ ተቀምጠን ሳስረዳት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። «ጄሪካኑ አይደለም?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ጀበናውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባችና ብዙ ቆይታ ወጣች።

እዚህ ላይ የሙያ ጓደኞቼን ሳልነካ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ሳፊና ናሙክዋያ የተባሉ የሰባ ዓመት ዩጋንዳዊት በካምፓላ መንታ ሲወልዱ ወሬው እንደ ተአምር ሲዞር ነበር። እትዬ ፎቶግራፋቸውን ስልኳ ላይ አስቀምጣዋለች። እንቁላሉ ከሌላ ሴት የተለገሰ መሆኑ በየዘገባው መጨረሻ በአንዲት መሥመር ተወትፏል፤ በአንዳንዱም ጭራሽ የለም። በሃምሳ ዓመታቸው መንታ የሚታቀፉት የሆሊውድ እመቤቶችም ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። የማኅፀን ዕድሜና የእንቁላል ዕድሜ ለየቅል ናቸው። ማኅፀን ታጋሽ ነው፤ በሆርሞን ከተዘጋጀ ካረጠም በኋላ ፅንስ ይቀበላል። እርግጥ ነው፣ ደም ግፊቱ፣ የእርግዝና ስኳሩ፣ የኦፕራሲዮን ወሊዱ ከዕድሜ ጋር ይበዛል፤ ክትትሉም መጥበቅ አለበት። እንቁላል ግን አትታገሥም።

አይቪኤፍም ቢሆን ዕድሜን ለመመለስ የተፈለሰፈ ጥበብ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 በእንግሊዝ አገር ኦልደም ከተማ የተወለደችው ሉዊዝ ብራውን እናት ችግር የተዘጋ ቱቦ ነበር። ፓትሪክ ስቴፕቶ፣ ሮበርት ኤድዋርድስና ስሟ ለብዙ ዘመን የተረሳው ጂን ፐርዲ ያደረጉት፣ እንቁላሏን ቱቦው ሳይነካት አውጥተው፣ በብርጭቆ ዕቃ ከባሏ ዘር ጋር አገናኝተው፣ ፅንሱን ወደ ማኅፀኗ መመለስ ነበር። ኤድዋርድስ በ2010 ኖቤል ሲሸለሙ ሌሎቹ ሁለቱ በሕይወት አልነበሩም። ኢንፌክሽን የብዙ ሴቶችን ቱቦ በሚዘጋበት በእኛ አህጉር ይህ ታላቅ በረከት ነው። በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የመጀመሪያው የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ሲከፈት ብዙዎች የደስታ እንባ ያነቡት በዚህ ምክንያት ነው። ቱቦን ዘልሎ ማለፍ ይቻላል። የአርባ ሦስት ዓመት እንቁላልን ወደ ሃያ አምስት መመለስ ግን እስከ ዛሬ አልተቻለም። በኦቫሪ ውስጥ ከራስ ደም የተጣራ ፈሳሽ በመርፌ መስጠት፣ «ስቴም ሴል» እያሉ ማስተዋወቅ፣ ይህ ሁሉ ያልተረጋገጠ ሙከራ ነው፤ ዋጋው ግን የተረጋገጠ ሕክምና ዋጋ ነው።

ያም ሆኖ እትዬ በራሷ እንቁላል አንድ ጊዜ ሳትሞክር አልቀረችም። ሐኪሟ አልዋሿትም። በእንግሊዝና በአሜሪካ የሚታተሙት መዝገቦች፣ ከሠላሳ አምስት በታች ያሉ ሴቶች ማኅፀን ከገባላቸው ሦስት ፅንስ አንዱ ገደማ ለመወለድ ሲበቃ፣ በአርባ ሦስትና በአርባ አራት ዓመት ያሉት ግን በራሳቸው እንቁላል ከመቶ አምስት ገደማ ብቻ እንደሚሳካላቸው ያሳያሉ። «አምስቱ እነማን ናቸው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ይህን ማንም አይመልስም። ለኮንዶሚኒየም ካጠራቀመችው ግማሹን አወጣች። አሥራ አንድ ቀን ሆዷን በመርፌ ወጋች፤ የወጉላትም ባሏ ናቸው ብትለኝ በአንቱታዋ ሳቅሁ፤ ከተጋቡ ጀምሮ ያን ቀን ነው «አንቱ» ያለችው። አራት እንቁላል ተለቀመ፤ ሁለቱ ፅንስ ሆኑ፤ አንዱ በሦስተኛው ቀን ቆመ፤ አንዱ ተመለሰላት። በአሥራ አራተኛው ቀን ደሟ መጣ።

በዚያ ሰሞን የንስሐ አባቷ ጋ ሄዳ ነበር። እሳቸው ሕክምናውን አልተቃወሙም። «ጸበሉንም ጠጪ፣ መርፌውንም ተወጊ፤ ግን ከባልሽ ውጪ ዘር እንዳይገባ» አሏት። በእስልምናም እ.ኤ.አ. በ1980 ከአል-አዝሐር የወጣው ፈትዋ ሕክምናውን በባልና ሚስት መካከል ፈቅዶ ሦስተኛ ሰው እንዳይገባበት ከልክሏል፤ የሱኒ አገሮች አብዛኞቹ የያዙት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሐኪሟ በቀጣዩ ቀጠሮ «የተለገሰ እንቁላል» የሚለውን ቃል ሲያነሱ እትዬ ሁለት ጊዜ አማተበች። የለጋሿ ዕድሜ ወጣት ከሆነ፣ ተቀባይዋ አርባ አምስትም ትሁን፣ ዕድሉ ከሦስት ሙከራ አንዱን አልፎ እስከ ግማሽ ይደርሳል። ከመቶ አምስት ጋር አስተያዩት።

እኔን የጠየቀችኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው። በስልክም አይደለም፣ ቤቴም መጥታ አይደለም፤ ከእማዬ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ ወደ መስኮቱ እያየች ነው። «ሚጡ፣ የባዳ ከሚሆን ያንቺ ቢሆንስ?» አለች። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ባል አለኝ። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል ሁለታችንም ሳንወርድ አለፍን።

ያን ጊዜ ወዲያው «እሺ» አላልኩም፤ አሁንም ስለ ፈጣን መልስ ጥሩ አስተያየት የለኝም። ዲፕሎማዬ የተገዛው በእሷ ጉልበት ነው። ታዲያ ይህ ስጦታ ነው ወይስ ዕዳ መክፈል? ዕዳ ከሆነ ደግሞ፣ እምቢ ማለት የምችለው እንዴት ነው? በውጭ አገር የዘር ልገሳ በቤተሰብ መካከል ሲሆን ሐኪሞች ሁለቱን ለየብቻ የሥነ ልቦና አማካሪ ፊት የሚያቀርቡት ይህን ጥያቄ ከሥሩ ለመመርመር ነው። እኔ ያገኘኋት አማካሪ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ሰነበተ፦ «ሕፃኑ ስድስት ዓመት ሆኖት እኅትሽ በማትወጂው ዓይነት ብትቆጣው ምን ታደርጊያለሽ?»

ሰውነቴን የሚመለከተው ነገር ቀላሉ ነበር። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ቀን መርፌ፣ ተደጋጋሚ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ በማደንዘዣ በብልት በኩል በሚገባ ቀጭን መርፌ እንቁላሎቹን መልቀም። ኦቫሪ ከመጠን በላይ አብጦ ሆድ ውኃ የሚቋጥርበት አደጋ አለ፤ የከፋው ዓይነት ጥቂት ሴቶችን ነው የሚያገኘው፣ ግን አለ። የሚወሰዱት በዚያው ወር ሊረግፉ የነበሩት ናቸውና የቀሩትን አያስጨርስም። ለእኔ አቻዎች ማለፊያ ወሬ ልጨምር፦ የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 እንቁላል ማቀዝቀዝን ከ«ሙከራ» ተራ አውጥቶታል። ዋስትና አይደለም፤ ደግሞም ከሠላሳ ስምንት በኋላ ሳይሆን ከዚያ በፊት የሚሠራ ነገር ነው። ኤ.ኤም.ኤች. የሚባለውን የደም ምርመራ ውጤት አንሶባችሁ የደነገጣችሁም ተረጋጉ፤ ቁጥሩ ብዛትን እንጂ ጥራትን አይናገርም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ውጤታቸው ያነሰ ሴቶች በተፈጥሮ መንገድ የማርገዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ አላገኘውም።

ሕጉ እንደየአገሩ ነው። ቱርክ የተለገሰ ዘርን ፈጽሞ ይከለክላል። ብዙ ያገራችን ሰዎች ለሕክምና የሚሄዱባት ህንድ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ ለጋሿ ከ23 እስከ 35 ዓመት እንድትሆንና በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ እንድትለግስ፣ ተቀባይዋም ከሃምሳ እንዳትበልጥ ወስናለች። እስራኤል ለዜጎቿ እስከ አርባ አምስት ዓመት በራሳቸው እንቁላል ሁለት ልጅ እስኪያገኙ ወጪውን ትሸፍናለች፤ በተለገሰ እንቁላል ደግሞ እስከ ሃምሳ አራት ትፈቅዳለች። ከጎንደር ሄደው እዚያ የሚኖሩ አንዲት የእማዬ አብሮ አደግ በስልክ ሲያጫውቱን እትዬ በቅናት ነበር የምትሰማው። በብሪታንያ ከ2005 ወዲህ በተለገሰ ዘር የተወለደ ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው የለጋሹን ማንነት ማወቅ ይችላል። የእኛ ሕግ ስለ እናትነት የሚለው አጭር ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እናትነት የሚታወቀው ልጁን በመውለድ ብቻ ነው ይላል። ይህን ለእትዬ ሳነብላት ጽሑፉን በስልኳ ፎቶ አነሣችው።

ማደጎን አላሰባችሁም ወይ የሚል አይጠፋም። እትዬ አስባለች፤ ባሏም የወንድሙን ልጅ ለማሳደግ ተጠይቆ ነበር። በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ ጉዲፈቻ ልጅን ከሆድ ልጅ ሳይለይ ያስገባል። በሰሜኑም ማር የተቀባ አውራ ጣት አስጠብቶ «የጡት ልጅ» ማድረግ የታወቀ ሥርዓት ነበር። እኛ ዝምድናን በደም ብቻ ሠርተን አናውቅም። ዳሩ ግን እትዬ የምትለው ሌላ ነው፦ «አሥራ አምስት ዓመት የሰው ልጅ አሳድጌያለሁ። ሁለቱ ዘንድ እስካሁን ስሜ ይጠራል። እኔ አሁን ሆዴ ውስጥ ሲላወስ እንዲሰማኝ ነው የምፈልገው።» ይህን ለሰማ ሰው ስለ ማደጎ መስበክ ይከብዳል።

እማዬን ሳንነግር ልናልፍ ነበር ያሰብነው፤ አልሆነም፤ እማዬ ዝምታ ስታይ ትጠይቃለች። ሁሉንም በየተራ ነገርናት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችን። «ማኅፀኗ ደህና ነው፣ ያለቀባት ዘሩ ነው ነው የምትሉኝ?» አለች። አዎን አልናት። «ታዲያ ምን ጉድ ነው? አባታችሁ ዘር ያለቀበት ዓመት ከወንድሙ ተበድሮ ዘርቶ የለም ወይ። ያ ሁሉ ያጠግባችሁ የነበረው የማን እህል ነበር?» አለችና፣ ወዲያው ደግሞ ፊቷን አጥቁራ «ብድሩን ግን መልሷል» አለች። የመጨረሻውን ለማን እንዳለችው እኔም እትዬም አልጠየቅናትም።

በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገር ጽፈናል። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እውነቱን ያውቃል፤ ልጄም ታውቃለች። እኔ አክስት ነኝ፤ በአስተዳደጉ ጣልቃ አልገባም። የመጀመሪያው ካልሠራ፣ ሁለተኛ ለመሞከር የምትጠይቀኝ እሷ ሳትሆን ሐኪሟ ናቸው፤ እምቢ ማለት እንዲቀለኝ ነው። አራተኛው የእትዬ ነው፦ ከዚህ በኋላ ስለ ዲፕሎማው ማንም በቤተሰቡ ውስጥ እንዳያነሣ። እሷ ፈርማለች፤ ባሏ ፈርሟል፤ እኔም ፈርሜያለሁ። ባለቤቴ ወረቀቱን አንብቦ አጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ከተተውና እስከ ፍልሰታ ጾም ፍቺ ጊዜ ስጡኝ አለ። እትዬን ደውዬ ስነግራት ትቸኩላለች ብዬ ነበር። «ይሁን፣ ያንቺ እንቁላል እኮ በአንድ ወር አያረጅም» አለችኝና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች።